ሁለት መቶ አስራ አራት ናሙና

ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ አውሮፕላን ላይ የወጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሳሎኗ ውስጥ እንደቆመ፣ መጋረጃ ለመስቀል ወንበር አጥታ። ከዚያ በተረፈ አውሮፕላን ለእሷ በየማለዳው አቧራው የሚጠረግለት፣ እንግዳ ሲመጣ አንሶላ የሚለብስ፣ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ልሂድ ያላለ ደባል ነው። ሌላው ሰው አውሮፕላን ሲባል ሰማይ ይታየዋል፤ እሷ የሚታያት መጥረጊያ ነው።

ባሏ አናጢ ነው። ሠላሳ ዓመት ቁም ሳጥንና አልጋ ሲሠራ ኖሮ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ከሥራ ገባና እጁን እንኳ ሳይታጠብ «አውሮፕላን ልሠራ ነው» አላት። እሷ ሱሪ እያጠበበች ስለነበር ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ራትህን ብላ» አለችው። ይህች ንግግር በባሏ ዘንድ እስከ ዛሬ እንደ ፊርማ ትቆጠራለች። «ጠይቄሽ እሺ ብለሻል» ይላል አፉን ሞልቶ። አትከራከረውም። እንደ ጉንፋን በሳምንቱ የሚለቀው መስሏት ዝም ያለችው እሷ ናት።

ፕላኑ በፖስታ መጣ፤ አልጋ የሚያክል ወረቀት፣ ሰባ ስምንት ገጽ። አውሮፕላኑ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ አጥንቱ እንጨት፣ ልብሱ ጨርቅ የሆነ ትንሽ ነገር ነው። ጎረቤት «ካፒቴን» የሚለውን ስም ያወጣለት በዚያው ሰሞን ነበር። ያወጣለት ለመሳለቅ ነው፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። ይባስ ብሎ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ሜዳ፣ የልጁ እኩያ በሆነች አስተማሪ እጅ መብረር ተማረና ፈቃድ አወጣ። ጎረቤት ከዚያ በኋላ ሳቁን ቀነሰ፣ ምክሩን ግን ጨመረ።

ምክሩም አንድ ብቻ ነው። ወደዚያ ቤት የገባ ሰው ሁሉ አውሮፕላኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያይና፣ ወደ በሩ ዞር ይልና፣ ዓይኑ እየሳቀ «ለመሆኑ ካፒቴን፣ በሩን ለክተኸዋል?» ይላል። በሩንማ የመጀመሪያውን እንጨት ከመቁረጡ በፊት ለክቶታል። ክንፎቹ ለየብቻ እንደሚወጡ፣ ዋናው አካል ደግሞ የመስኮቱ ፍሬም ተነስቶለት እንደሚያልፍ ያውቃል። ልብስ ሰፊዋ ቀልዱን የተናገሩትን እስከ አርባ ድረስ ቆጥራ ተወችው። አርባዎቹም የሳቁት ቀልዱን ራሳቸው የፈጠሩት እየመሰላቸው ነው።

ዋናው አካል ሳሎኑን ከነሙሉ ክብሩ ያዘ። የግራው ክንፍ ኮሪደሩን ወሰደ፤ ልጃቸው ከመኝታ ቤቷ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ ጎንበስ እያለች አደገች፣ ጎንበስ እያለች ተመረቀች፣ ያገባች ዕለትም ከነቬሏ ጎንበስ ብላ ወጣች። የቀኙ ክንፍ ደግሞ ዕጣው የስፌት ክፍሏ ላይ ወደቀ። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ደንበኞች «እስቲ እጅዎን ይዘርጉ» ሲባሉ ክንፍ ይነኩ ነበር። አንዳንዶቹ ይቅርታ ይጠይቁታል።

ስለ ባሏ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ሰውየው አይሳሳትም። መሳቢያ አልዘጋ ሲል የተሳሳተው እንጨቱ ነው፤ በር ሲጮህ ቤቱ ነው የሰመጠው። ደግሞም በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሠራው አንድም ቁም ሳጥን ተላቆ አያውቅም፣ ይህ ሊካድ አይችልም። ምስጢሩን ለጠየቀው ሳይሰስት ይነግራል፤ ላልጠየቀውም ይነግራል። ኮላ ቀብቶ ሁለቱን እንጨት ያገናኝና በብረት ሞርሳ ጥርሱን ነክሶ ያስረዋል። «እንጨቱ ካላለቀሰ አልጠበቀም» ይላል። ኮላው በግራና በቀኝ ተጨምቆ ሲወጣ በጨርቅ ጥርግ አድርጎ «ትርፉን ተፋ!» ሲል ፊቱ ላይ የሚታየው ደስታ፣ ሌላው ሰው የልጅ ልጅ ሲያቅፍ የሚታይበት ዓይነት ነው።

የአውሮፕላኑ ሙጫ ግን የቁም ሳጥን ኮላ አይደለም። ከሁለት ቆርቆሮ እየተለካ የሚደባለቅ፣ እንደ ማር የሚወፍር ነገር ነው። ከቆርቆሮዎቹ ጋር አራት ገጽ መመሪያም መጥቶ ነበር። ካፒቴን መመሪያውን አጣጥፎ፣ ሲንገጫገጭ የኖረው የሚስቱ የስፌት መኪና እግር ሥር ሸጎጠው። «ሙጫ ማንበብ ያለበት ሙጫ አይቶ የማያውቅ ነው» አለ። እውነት ለመናገር፣ መኪናው ከዚያ ወዲህ ተንገጫግጮ አያውቅም።

ከፕላኑ ላይ የወሰደው አንድ ሕግ ግን ነበር፤ ያለዚያ ለበረራ የሚፈቅደው ተቆጣጣሪ አይፈርምለትማ። ሙጫ በተደባለቀ ቁጥር ከዚያው ጣሳ፣ በዚያው እንጨት ቁራጭ ላይ፣ ጣት የምታህል ናሙና ትጣበቃለች፤ ቁጥርም ይጻፍባታል። ስትደርቅ በመዶሻ ትሰበራለች። እንጨቱ ተሰብሮ ሙጫው ከያዘ ጥሩ ነው። እንጨቱ ደኅና ሆኖ ሙጫው ከተላቀቀ፣ በዚያ ጣሳ የተጣበቀው ሁሉ ይጣላል። ካፒቴን ትልቁን ሥራ ለራሱ ያዘና ትንሿን ለሚስቱ ሰጠ። «ይቺን አንቺ ያዢልኝ፤ ለእጄ ታንስብኛለች» አላት።

ያዘችለት። የእሱ ሞርሳ ጣት ለምታህል እንጨት ስለማይሆን፣ እያንዳንዷን በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጣ ከካልሲዎቹ ጎን ገመድ ላይ ትሰቅላት ነበር። በአስራ አንድ ዓመት ሁለት መቶ አስራ አራት ናሙና ሠራች። ሁለት መቶ አስራ አራቱም እንጨታቸው ተሰበረ እንጂ ሙጫቸው ወይ ፍንክች።

ተቆጣጣሪው ክንፎቹ ጨርቅ ከመልበሳቸው በፊት ሊያይ መጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ዱላ ጫፍ ላይ የታሰረች መስታወት የያዘ ቀጭን ሰው ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጭንቅላቱን ክንፍ ውስጥ ከቶ ቆየ። በመጨረሻ ከናሙናው ሳጥን ሙጫው ያለበትን ቅንጣቢ እየመረጠ አስር ጊዜ እንደገና ሰበረ። አስሩም እንጨታቸው ነው የተሰበረው።

«ካፒቴን፣ እዚህ ሥራ ላይ ሃያ ዓመቴ ነው» አለ። «እንዲህ ያለ ሙጫ አላየሁም።»

ካፒቴን ደረቱን ነፍቶ ሁለት መዳፎቹን ዘረጋለት። «እጅ ነው» አለ። «ሌላ ምንም አይደለም፣ እጅ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ የናሙናውን ሳጥን ታቅፋ አጠገባቸው ቆማ ነበር። የማን እጅ ብሎ የጠየቃት የለም። ተቆጣጣሪው ፈርሞ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ተጣደፈ። የመጣደፉ ምክንያት ግራ ዓይኑ ነው። አብራሪ በየጊዜው የጤና ወረቀት ያሳድሳል፤ ባለፈው ጊዜ ሐኪሙ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ሦስቴ ካስነበበው በኋላ ተንፍሶ «ይሄን ጊዜ ላሳልፍዎት፤ የሚቀጥለውን ግን ቃል አልገባልዎትም» ብሎት ነበር። ወረቀቱ የቀረው አምስት ወር ነው። ክንፉ ጨርቅ ለብሶ፣ ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪና መጥቶ፣ ሁሉም ነገር ሜዳው ድረስ ሄዶ ከተገጠመና ቀለም ከተቀባ፣ አምስት ወር ይበቃል። ይበቃል፣ ግን ትርፍ የለውም። ይህን ከባልና ሚስቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ልጃቸው እንኳ አታውቅም።

ጨርቅ ማልበሱ የሚስት ሥራ ሆነ፤ ዓለም ላይ ለአንዴ እንኳ ሥራ ለባለሙያው ደረሰ ማለት ነው። ጨርቁ ክንፉ ላይ ይወጠራል፣ በካውያ ሲተኮስ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ይነፋል። ከዚያ ክንድ በምታህል መርፌ፣ ሰም በተቀባ ክር፣ ከላይ ወደ ታች ከታች ወደ ላይ እየተወጋ፣ በየጎድኑ ዙሪያ ይሰፋል። ጎድን የሚባሉት ክንፉን ቅርጽ የሚሰጡት ስስ እንጨቶች ናቸው። ነፋስ ጨርቁን ገፎ እንዳይወስደው በየአራት ጣቱ አንድ ቋጠሮ ይቋጠራል። በሦስት ሳምንት የግራውን ጨርሳ፣ የቀኙን አጋምሳ ነበር። ካፒቴን ሁለት ጊዜ መጥቶ «አጥብቂው» አላት። ሁለቱንም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ክር ከልክ በላይ ሲጠብቅ ጨርቅ እንደሚቆርጥ ከእሱ አትማርም።

ማክሰኞ ከሰዓት በፊት ካፒቴን ሜዳው ላይ ቦታ ሊያመቻች ሄደ። እሷ ሰባተኛው ጎድን ላይ ደርሳ ቋጠሮውን ስትስብ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማች። አመመኝ የምትል ዓይነት ትንሽ ድምፅ ናት። ደግማ ቀስ ብላ ሳበች። በጎድኑ ጀርባ ላይ የተጣበቀው ቀጭን እንጨት ከነክሩ ብድግ አለላት።

በትንሿ መቀስ ጨርቁን ጣት በምታህል ልክ ቀድዳ አየች። የተጣበቀበት ሁለቱም ፊት ንጹሕ ነበር። የተሰነጠቀ እንጨት የለም፣ ሙጫ ከሚባለው ነገር የቀረው መስታወት ላይ እንደሚቀር ትንፋሽ ያለ ጭጋግ ብቻ ነው። ጎድኑ ላይ በባሏ እርሳስ «88» ተብሎ ተጽፏል። ሄዳ ከሳጥኑ ሰማንያ ስምንተኛዋን ናሙና አወጣች። እንጨቷ ተሰብሯል፣ ሙጫዋ እንደ ድንጋይ ይዟል።

አንድ ቀን፣ አንድ ጣሳ፣ አንድ እንጨት። የስፌት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ናሙናዋን በእጇ እያገላበጠች ብዙ አሰበች። ከዚያ ተነስታ የስፌት መኪናዋን እግር ብድግ አድርጋ፣ አስራ አንድ ዓመት የተረገጠውን ወረቀት አወጣች። ሦስተኛው ገጽ ላይ በደቃቃ ፊደል ተጽፏል። ይህ ሙጫ መነካካት እንጂ መጨነቅ አይወድም፤ ከመጠን በላይ ከታሰረ ተጨምቆ ይወጣል፣ መገጣጠሚያውም ባዶ ይቀራል።

ገባት። በዓለም ላይ ይህን ስህተት ሊሳሳት የሚችለው ጎበዝ አናጢ ብቻ ነው። ሰነፍ አናጢ ቢሆን ኖሮ አላልቶ ያስርና ይድን ነበር። የእሷ ሰው ግን በየመገጣጠሚያው እንጨቱን እያስለቀሰ፣ የሚይዘውን ሙጫ ሁሉ አስወጥቶ፣ በጨርቅ ጠርጎ ጣለው። ተቆጣጣሪው ያደነቀው ደግሞ የልብስ መቆንጠጫውን ነው።

አሁን ያደረገችውን ነገር ለማንም ብትናገር ያፍርባታል። ትንሽ ሙጫ ደባለቀች፣ ቀጭኑን እንጨት መለሰች፣ በመቆንጠጫ ያዘችው፣ ሲደርቅ ጨርቁን ጣፈችው። ሙያዋ ነውና የተጣፈበት አይታይም። መርፌዋን ሰክታ፣ ራት ጥዳ፣ ባሏን ጠበቀች።

ካፒቴን እያንጎራጎረ ገባ። አንጎራጉሮ አያውቅም። ረቡዕ ተላጨ፤ ረቡዕ የመላጫ ቀኑ አይደለም። የበላበትን ሳህን አጠበ፣ ያውም ሳይሰብር። በአስራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሳቧን ጠየቃት፣ ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን ቢጫ። ምሳ ላይ ሹካውን ይዞ ሜዳው እንዴት እንደሚሮጥ፣ መንኮራኩሩ መሬቱን ሲለቅ መንቀጥቀጡ እንዴት ድንገት እንደሚያቆም አሳያት። «በቃ ጸጥ ይላል፣ እናትዬ። ሞተሩ እየጮኸ ጸጥ ይላል።» እሷ በሕይወቷ ነገረኛ ምላስ አንሷት አያውቅም፤ ያን ቀን ግን «ሾርባህ ቀዘቀዘ» ከማለት በቀር ምንም አልመጣላትም። ካፒቴን ለቅዳሜ ሠፈሩን ሁሉ ጠራ። በሩን ለክተኸዋል ያሉትን አርባዎቹንም ጠራ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሻይው ገና ትኩስ እያለ፣ የሙጫውን መመሪያ ይዛ ከስፌት ክፍሏ ወጣች።

«ሙጫህ አልያዘም» አለችው።

«የቱ ሙጫ?»

«የክንፉ።»

ሳቀ። «ናሙናዎቹን አላየሽም? ሁለት መቶ አስራ አራት!»

«ናሙናዎቹን የሠራሁት እኔ ነኝ። በልብስ መቆንጠጫ።»

«እና?»

«ክንፉን የሠራኸው አንተ ነህ። በሞርሳ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። አንብቦ ሲጨርስ ደሙ ፈላ። «አስራ አንድ ዓመት ስትጠብቂ የኖርሽው ይቺን ቀን ነው!» አላት። «ቤቴን ሞላው፣ ኮሪደሬን ዘጋው፣ ስትዪ ኖረሻል! ተቆጣጣሪው የፈረመውን አንቺ ልታፈርሺ!»

ግማሹ እውነት ነበር። ይህ ደባል ከቤቷ የሚወጣበትን ቀን ስታልም፣ ንግግር ሳይቀር አዘጋጅታለች። አንደበቷ ላይ ነበር፣ ዋጠችው። ከጎኑ ተነስታ ወደ ስፌት ክፍሏ ገባች። ካፖርት የምትቆርጥበትን ትልቁን መቀስ አንስታ፣ የራሷን የሦስት ሳምንት ስፌት ከክንፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ሸነተረችው። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ «አብደሻል!» ብሎ ጮኸ። እሷ ግን መሮውን አቀበለችው።

«እኔን አትመን። ሞክረው።»

የመጀመሪያው ጎድን ያዘ። «አየሽ!» አላት። ሁለተኛው በአንድ ምት ተላቀቀ። ሦስተኛው ምትም አልፈለገም። አራተኛው ግማሹ ያዘ፣ ግማሹ አልያዘም። አምስተኛው ጋ ሲደርስ «አየሽ» ማለቱን ተወ። ከዚያ ክንፉ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሄዶ ቆመ። እዚያ ጋ ሁለት ወፋፍራም እንጨቶች ተደርበው ተጣብቀዋል፤ አየር ላይ የሰውና የሞተር ክብደት ሁሉ የሚንጠለጠለው በእነሱ ላይ ነው።

«ይሄኛውን እንኳ» አለ፣ «ይሄኛውን እንኳ አስራ ስምንት ሞርሳ ነው ያሰርኩበት።»

የተናገረውን ራሱ ሰማ። መሮውን መገጣጠሚያው ላይ አድርጎ በመዶሻ ሁለት ጊዜ መታ። ሁለቱ እንጨቶች ያለ ምንም ክርክር ተለያዩ።

የቀለም ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ ፊቱ ላይ እንዲያ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ጣቶቹን እያጠፈ ወራት ሲቆጥር አየችው። ሁለት ክንፍ እንደገና፣ ቢሮጥ ሁለት ዓመት። ቆጥሮ ሲጨርስ እጁ ሳያስበው ወደ ግራ ዓይኑ ሄደ።

«አልደርስም» አለ።

«ላትደርስ ትችላለህ» አለችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትዋሸው ነበር።

ውጭ የጎረቤት ሰው አልፎ ሲሄድ «ካፒቴን፣ ቅዳሜ አይቀርም አይደል?» ብሎ ጮኸ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አላት ቆይቶ።

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ምን ስትጠብቂ ነበር?»

ሦስት አራት መልስ አፏ ላይ መጣ፤ ሁሉም ስል ነበሩ፣ ሁሉም ያስቃሉ። አንዱንም አላወጣችው።

«እንደዚህ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም» አለች። «ሁለት ቀን ልይህ ብዬ ነው።»

አናጢው ቀና ብሎ ብዙ አያት። ከዚያ መሮውን አንስቶ ወደ ስድስተኛው ጎድን ሄደ፤ እሷም የክንፉን ጫፍ ደግፋ ያዘችለት።